የወፍ ቆሎ በሰው ሀገር ለምን ይበረታል?

በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል፣ ቆላው ከወይና ደጋው በሚዋሰንበት አካባቢ አንዲት የገጠር ደብር አለች። ቅጽሯ በወይራና በጽድ የተከበበ ሲሆን፣ ዙሪያው ሁሉ በተራቆተበት በዚህ ዘመን እውነተኛ ጥላ የሚገኘው በዚያች ጥቂት ሔክታር ውስጥ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለፕሮጀክት ሥራ ወደዚያ ስሄድ የደኑን ዳርቻ በአንድ ቁጥቋጦ ተውጦ አገኘሁት። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ቅርንጫፉ እሾሃማ ነው፤ ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል። አበባው ግን በአንድ ዘለላ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀለም አስተባብሮ የያዘ፣ ዓይን የሚማርክ ነው። የአካባቢው ሰዎች የወፍ ቆሎ ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ ነው።

በዚያ የድርቅ ወራት የአንዲት ባልቴት ላም ሌላ የምትግጠው ሣር አጥታ ቅጠሉን በመብላቷ ታማ ሞታለች። ወደ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በቁጥቋጦው ተዘግቶ ሴቶችና ልጆች ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ተገድደው ነበር። እኔም ብዙ ሳልመረምር መፍትሔ አቀረብሁ፤ ምእመናኑ በዘመቻ ወጥተው ይመንጥሩት አልሁ። ሰበካ ጉባኤው ተስማማ፤ በሁለት ሳምንት ዳርቻው ተመነጠረ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ሪፖርት ተጻፈ። ከሁለት ክረምት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ግን ቁጥቋጦው ከቀድሞው ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ወደ ደኑም ዐሥር እርምጃ ያህል ዘልቆ ገብቶ ጠበቀኝ። ስሕተቱ የደከሙት ምእመናን ሳይሆን የእኔ ነበር። ቁረጡ ብዬ ነገርኋቸው እንጂ የሚቆርጡት ነገር ጠባይ ምን እንደሆነ አላስረዳኋቸውም፤ እኔ ራሴም በቅጡ አላወቅሁትም ነበር።

የደብሩ ቄሰ ገበዝ አጠገቤ ቆመው ቁጥቋጦውን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ ዲያቆን፣ ይህ ዕፅ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብለኸናል። ለመሆኑ በዚያው በሀገሩም እንዲህ ያደርጋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አላውቅም አባቴ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በሀገሩ እንዴት ይኖራል?

አጭሩ መልስ «አያደርግም» የሚል ነው። የወፍ ቆሎ የትውልድ ሀገሩ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ክፍል ነው። በዚያ ከብዙ ቁጥቋጦዎች መካከል አንዱ ሆኖ፣ በልኩና በወሰኑ ይኖራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድስ መርከበኞች ስለ አበባው ውበት ወደ አውሮፓ ወሰዱት። የአውሮፓ አትክልተኞችም በመስተዋት ቤት እያሳደጉ፣ ልዩ ልዩ ዓይነቶችን እያዳቀሉ፣ ቀለሙ የደመቀና በቀላሉ የማይሞት ተክል አወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ቅኝ ግዛቶች ተበተነ፤ እ.ኤ.አ. በ1809 ሕንድ ካልካታ በሚገኘው የዕፅዋት ማእከል፣ በ1841 በአውስትራሊያ፣ በ1858 በሃዋይ ደሴቶች ለጌጥ ተተከለ። ዛሬ በአውስትራሊያ ብቻ ከ4 ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት እንደሸፈነ ይገመታል፤ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝርም እጅግ ጎጂ ከሚባሉት 100 መጤ ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በሀገራችንም በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ አካባቢና በስምጥ ሸለቆ ተስፋፍቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ከውጭ የመጣ ሁሉ ወራሪ አይደለም። በርበሬው፣ በቆሎውና ድንቹ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ያለ ገበሬ እጅ ግን አንዳቸውም አጥር ዘልለው ጫካ አይገቡም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ሀገሩን የሞላው በአብዛኛው በሰው እጅ እየተተከለ ነው። መጤ ወራሪ የሚባለው ያለ ሰው ርዳታ ራሱን የሚያባዛ፣ የሚስፋፋና የነባሩን ሕይወት ቦታ የሚነጥቅ ነው። ከመጡት ብዙዎች መካከል እንዲህ ያለውን ጠባይ የሚያሳዩት ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚህን ጥቂቶች ምን ያበረታቸዋል? ሊቃውንቱ የሚሰጧቸው ምክንያቶች በአራት ተጠቃልለው ሊቀርቡ ይችላሉ።

አንደኛ፤ አሳዳጆቹን ጥሎ መጥቷል

ማንኛውም ዕፅ በትውልድ ሀገሩ ብቻውን አይኖርም። ቅጠሉን የሚበላ ትል፣ ግንዱን የሚበሳ ጥንዚዛ፣ ዘሩን የሚያመክን ዝንብ፣ ሥሩን የሚያበሰብስ ሻጋታ አብረውት ይኖራሉ። እነዚህ ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረውት ስለቆዩ መከላከያውን ለይተው ያውቃሉ፤ ስለዚህም ከልክ በላይ እንዳይበዛ ይገድቡታል። ዕፁ በዘር ወይም በቁራጭ ባሕር ሲሻገር ግን እነርሱ በሀገራቸው ይቀራሉ። በአዲሱ ምድር ያሉት ነፍሳት ደግሞ ጣዕሙን ስለማያውቁት አይነኩትም። ተመራማሪዎች ይህን «ከጠላት ነጻ መውጣት» ይሉታል። ለመከላከል ያወጣው የነበረውን ጉልበትም ለማደግና ለማፍራት ሊያውለው ይችላል።

ይህ እውነት መሆኑን በግልጽ ያሳየው በአውስትራሊያ የደረሰው የበለስ ቁልቋል ታሪክ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ ወደ 24 ሚሊዮን ሔክታር የሚጠጋ መሬት ሸፍኖ ገበሬዎችን ከርስታቸው አፈናቅሎ ነበር። ቆረጡት፤ አቃጠሉት፤ መርዝ ረጩበት፤ አልተቻለም። በ1925 ግን በትውልድ አህጉሩ ቁልቋሉን እየቦረቦረ የሚበላ የአንዲት የእሳት ራት እንቁላል ከአርጀንቲና አስመጡ። ትሎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ቁልቋል አጠፉት፤ ገበሬውም ወደ እርሻው ተመለሰ።

የዚህን ተቃራኒ ገጽ ደግሞ በሀገራችን አይተናል። በትግራይ በለስ ለብዙ ትውልድ ለሰውም ለከብትም ምግብ ሆኖ ኖሯል። ከሃያ ዓመታት ገደማ በፊት ኮቺኒል የሚባለው ነፍሳት ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ወደ ደቡባዊው አካባቢ እንዲገባ ተደረገ። ነፍሳቱ በለስን የሚመገብ የትውልድ ሀገሩ ጠላት ነውና ከተወሰነለት ቦታ አምልጦ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነውን በለስ አደረቀ። በአውስትራሊያ በረከት የሆነው በትግራይ መከራ ሆነ። ሁለቱም ታሪኮች የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ የዕፁ ብርታት በራሱ ውስጥ ብቻ ያለ ሳይሆን ተቆጣጣሪው ከአጠገቡ በመጥፋቱ የተገኘ ነው።

ሁለተኛ፤ አዲስ ወዳጆች አግኝቷል

ጠላቱን ጥሎ የመጣ ዕፅ ወዳጅ ካላገኘ ሩቅ አይሄድም። የወፍ ቆሎ ወዳጁ ማን እንደሆነ ሕዝባችን ባወጣለት ስም ተናግሯል። አንድ ቁጥቋጦ በዓመት እስከ 12,000 ፍሬ ሊያፈራ ይችላል፤ ጥቁርና ጣፋጭ የሆነውን ፍሬ ወፎች ይለቅማሉ፤ ከዚያም በየዛፉ ላይ ዐርፈው ዘሩን ከኩሳቸው ጋር ይጥላሉ። በሃዋይ ደሴቶች ከእስያ የመጡ ወፎች ከበዙ በኋላ የቁጥቋጦው ስርጭት እንደተፋጠነ ተመዝግቧል። እንግዳው ዕፅና እንግዳው ወፍ ተረዳዱ ማለት ነው። በእኛ ደብር ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። በዙሪያው ሌላ ዛፍ ስለሌለ ወፎቹ ሁሉ የሚያድሩት በቅጽሩ ወይራ ላይ ነው፤ በየማታውም ዘሩን ከሜዳው ሰብስበው ወደ ደኑ ያስገባሉ።

በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራም እንዲሁ ነው። ይህ ከአሜሪካ የመጣ እሾሃማ ዕፅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነፋስንና የአፈር መሸርሸርን እንዲከላከል በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ፤ የአፋር ሕዝብም «ደርጊ ሐራ»፣ ማለትም የደርግ ዛፍ ብሎ ሰየመው። ጣፋጭ እንክብሉን ከብት፣ ፍየልና ግመል ይበላሉ፤ ጠንካራው ዘር ግን በሆዳቸው ሳይፈጭ አልፎ፣ እንዲያውም ለመብቀል ተዘጋጅቶ፣ ከፋንድያው ጋር በየግጦሹ ይወድቃል። አርብቶ አደሩ ውኃና ሣር ፍለጋ በሄደበት ሁሉ ዕፁ ተከተለው። ዛሬ በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሔክታር በላይ ሸፍኗል።

ሦስተኛ፤ ጎረቤቶቹ አያውቁትም

የወፍ ቆሎ በቅጠሉና በሥሩ ውስጥ ልዩ ልዩ ቅመማዊ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ እነዚህ ወደ አፈሩ ገብተው የሌሎችን ተክሎች ዘር ከመብቀል፣ ችግኙንም ከማደግ ይገታሉ። በትውልድ ሀገሩ ያሉ ጎረቤቶቹ ይህን ጠባይ ለረጅም ዘመን ስለለመዱት መቋቋሚያ አበጅተዋል፤ የእኛ ሣርና የእኛ ችግኝ ግን ሳይዘጋጁ ያገኛቸዋል።

ከብቱንም የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዝ ጉበትን ያውካል፤ የታመመችው ላም ፀሐይ መቋቋም ይሳናታል፤ ቆዳዋ ይሰነጣጠቃል፤ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል። ከብት በጤናው ጊዜ ስለሚሸሸው ሣሩን እየለየ ይግጣል፤ ቁጥቋጦውን ይተወዋል። ስለዚህ ግጦሽ በበዛ ቁጥር የሚጎዳው ነባሩ ሣር ሲሆን፣ የሚጠቀመው የወፍ ቆሎ ነው። የባልቴቷ ላም ወደ ቁጥቋጦው የዞረችው ሣሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

አራተኛ፤ በሩን የከፈትንለት እኛ ነን

ከአራቱ ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባን ይህ የመጨረሻው ነው። የወፍ ቆሎ ብርሃን ይወዳል። ቅርንጫፉ በተጋጠመ፣ ጥላው በጸና ደን ውስጥ ዘሩ ቢወድቅ እንኳ በርትቶ አያድግም፤ አያብብም። የሚገባው በተከፈተ በኩል ነው፤ ዛፍ በወደቀበት፣ መንገድ በተቀደደበት፣ ከብት በረገጠው፣ እሳት በበላው ቦታ ሁሉ ቀድሞ ይገኛል።

የደብሩን ሽማግሌዎች ስጠይቅ የተረዳሁት ይህንኑ ነበር። ቁጥቋጦው ወደዚያ የመጣው ከብዙ ዓመታት በፊት ለቅጽሩ ጌጥ እንዲሆን በበጎ ሐሳብ ከከተማ ተይዞ ነው። ለረጅም ጊዜም በበሩ አጠገብ ጸጥ ብሎ ቆመ። ወራሪ ዕፅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ለዓመታት ምንም የማያደርግ መስሎ ይቆይና ሁኔታው ሲመቻችለት በድንገት ይስፋፋል። ሁኔታውን ያመቻቸነው ደግሞ እኛው ነን። ለዓመታዊው ንግሥ ድንኳን መትከያና መኪና ማቆሚያ ተብሎ የደኑ ዳርቻ ተመነጠረ፤ አሮጌው የድንጋይ ካብ ፈረሰና ከብት ገባ፤ ለማገዶ እየተባለ የታችኛው ቁጥቋጦ ተለቀመ። የወፍ ቆሎ አጥር ሰብሮ አልገባም፤ የፈረሰ አጥር አግኝቶ ገባ።

የእኔ ዘመቻ ለምን እንዳልተሳካም ከዚህ ግልጽ ይሆናል። ከመሬት በላይ የተቆረጠው ጉቶ እንደገና አቈጠቈጠ፤ ፍሬው ከበሰለ በኋላ ስለተቆረጠ ስንጎትተው ዘሩን በየመንገዱ አራገፍነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታውን አጽድተን ምንም ሳንተክልበት ለፀሐይ ገልጠን ሄድን። በሥራችን ያዘጋጀንለት አዲስ መደብ ነበር።

የእኛ ጉሎ በሰው ሀገር

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የወፍ ቆሎን እንደ ክፉ ፍጥረት ልንቆጥረው እንችል ይሆናል። እንዲህ እንዳናስብ የሚከለክለን ከጓሯችን የሚገኝ ምስክር አለ። ጉሎ የሚባለው ቁጥቋጦ መነሻው ኢትዮጵያን ጨምሮ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ምድር እንደሆነ ይታመናል። እናቶቻችን በፍሬው ምጣድ ያስሳሉ፤ ዘይቱም ለልዩ ልዩ ጥቅም ይውላል። በእኛ ዘንድ ማንም ጉሎን አይፈራም። በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያና በብዙ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ግን የወንዝ ዳር እየወረረ ነባሩን ዕፅ የሚያፈናቅል፣ በሕግና በዘመቻ የሚታደን መጤ አረም ነው። እኛ የወፍ ቆሎን እንደምንረግም፣ የእኛን ጉሎ የሚረግም ገበሬ በሌላ አህጉር አለ።

ስለዚህ በተፈጥሮው ክፉ የሆነ ዕፅ የለም። እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ በቦታውና በሥርዓቱ መልካም ነው። ክፋቱ የሚመጣው እርስ በርስ የሚጠባበቀው ማኅበረ ፍጥረት ሲበተንና የአንዱ ልጓም ሲፈታ ነው። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ አደራ እንደተሰጠው ሁሉ፣ ይህንን ሥርዓት መጠበቅ የሰው ድርሻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ተቆጣጣሪ ነፍሳትን ማምጣት አንድ መንገድ ነው። ለወፍ ቆሎ ይህ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1902 በሃዋይ ተጀምሮ በብዙ ሀገር ቀጥሏል፤ ነገር ግን ዕፁ በአትክልተኞች እጅ ብዙ ጊዜ የተዳቀለ በመሆኑ ነፍሳቱ ሁሉንም ዓይነት እኩል አይበሉትምና ውጤቱ ከፊል ሆኖ ቀርቷል። የኮቺኒል ታሪክ እንዳስተማረንም፣ ይህ ረጅም ምርመራ የሚጠይቅ የምርምር ተቋማት ሥራ እንጂ የአጥቢያ ሥራ አይደለም። አጥቢያዎቻችን ሊያደርጉ የሚችሉት የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ ከመንቀል በፊት አጥሩን መጠገን ይገባል። በደቡብ ጎንደር ዶክተር አለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ካህናትና ምእመናን ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ አስከብበዋል፤ ከብት መግባቱ በቀረባቸው ቦታዎች የነባር ዛፎች ችግኝ በራሱ መብቀል ጀምሯል። ድንጋዩም በአብዛኛው ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነበርና ማሳውም ተጠቅሟል።

ሁለተኛ፣ ቁጥቋጦው የሚነቀለው አፈሩ በዝናብ በራሰ ጊዜ፣ ፍሬው ሳይበስል፣ ከነሥሩ ጉቶ ተቆፍሮ ነው። መቁረጥና ማቃጠል ያባዛዋል። ለፕሮሶፒስም ደንቡ ይኸው ነው፤ ሥሩን ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያልቆረጠ ሰው ዛፉን ገረዘው እንጂ አልነቀለውም።

ሦስተኛ፣ ሥራው ብዙም ካልተወረረው በኩል ይጀመር። ከደኑ ውስጥ ወደ ውጭ፣ በየክረምቱ መንከባከብ የምንችለውን ያህል ብቻ እንንቀል። ሁሉን በአንድ ጊዜ መንጥሮ መተው የእኔን ስሕተት መድገም ነው።

አራተኛ፣ በተነቀለበት ቦታ በዚያው ክረምት ለአካባቢው የሚስማማ ነባር ዛፍ ይተከል፤ ወይራ፣ ጽድ፣ ግራር ወይም ዋንዛ ሊሆን ይችላል። የወፍ ቆሎን ለዘለቄታው የሚያሸንፈው የዛፍ ጥላ እንጂ ገጀራ አይደለም። ችግኙ ጥላ እስኪሠራ ድረስም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየዓመቱ እየዞሩ አዲስ የበቀለውን ይልቀሙ።

አምስተኛ፣ አበባው ስላማረ ብቻ ከማናውቀው ተክል ቅርንጫፍ ቆርጠን ወደ ቅጽራችን አናምጣ። ለጌጥም ለአጥርም የሚሆን ነባር ዕፅ አለን።

ባለፈው ክረምት ወደዚያች ደብር ተመልሼ፣ በቅድሚያ ሰበካ ጉባኤውን ስለ ቀደመው ስሕተቴ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያም ለቄሰ ገበዙ መልሴን ነገርኋቸው። «በሀገሩ እንዲህ አያደርግም አባቴ፤ በዚያ የሚገሥጸው አለ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው እዚህ የሚገሥጸው ወይራው ነዋ» አሉ። የድንጋዩ ካብ በምሥራቅ በኩል ተጀምሯል፤ በንግሡ ዕለት መኪና የሚቆመውም ከቅጽሩ ርቆ እንዲሆን ጉባኤው ወስኗል። የተተከሉት የወይራ ችግኞች ገና ከጉልበት በታች ናቸው፤ ጥላ ለመሥራት ዓመታት ይፈልጋሉ። የወፍ ቆሎው ከዳር ቆሞ እየጠበቀ ነው። እኛም መጠበቅ ይገባናል፤ ነገር ግን እጃችንን አጣጥፈን ሳይሆን እየኰተኰትንና እያጠጣን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።